አዳዲስ የፋንታሲና የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጻሕፍትን የማፈላለግና ሂስ የመጻፍ መመሪያ፦ ጎንደር ላለ አንባቢ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባሉ መጻሕፍት ቤቶችና አዟሪዎች ዘንድ ታሪክ፣ ፖለቲካ፣ ሥነ ልቦናና የአማርኛ ልብ ወለድ አይጠፋም፤ በቅርቡ ለንደን ወይም ኒውዮርክ የታተመ ፋንታሲ ወይም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፍለጋ ግን እዚያው ቢዞሩ ትርፉ ድካም ነው። ይህ ሲባል አንባቢው ከዘርፉ ተቆርጦ ይቀራል ማለት አይደለም። በእንግሊዝኛ ብቻ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች ስለሚወጡና ወሬያቸውም በስልክ ስለሚደርስ፣ የዛሬው ችግር የመረጃ እጥረት ሳይሆን ከዚያ ሁሉ መካከል ለገንዘብና ለጊዜ የሚበቃውን መርጦ ማውጣት ነው።

ማፈላለግና ሂስ መጻፍ እዚህ አንድ ላይ የቀረቡት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ መጽሐፍ በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ አንድ ሰው አግኝቶ ካነበበ፣ ሌሎች ብዙዎች የእሱን ቃል አምነው ዳታቸውን፣ ገንዘባቸውን ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመዳቸውን ውለታ ያጠፋሉ። ስለዚህ የሃያሲው ዋና ሥራ መጽሐፉን ማሞገስ ወይም ማጣጣል ሳይሆን፣ ደራሲው ለፈጠረው ዓለም ያወጣውን ሕግ ለይቶ ማሳየትና ሕጉ እስከ መጨረሻው መከበር አለመከበሩን መመስከር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚህ ምስክርነት የሚያደርሱ ናቸው።

የሚፈልጉትን ዓይነትና ርዝመት ይወስኑ

ፋንታሲ አስማት፣ መናፍስት ወይም ፈጽሞ የሌለ ዓለም እንደ እውነት ቆጥሮ የሚተርክ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደግሞ አንድ ግኝት ወይም ለውጥ ቢመጣ የሰው ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚጠይቅ ነው። በመካከላቸው ያለው ድንበር ልል በመሆኑ በመለየቱ ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ ባያጠፉ ይሻላል። ይልቅ ርዝመቱ ላይ ያስቡ። የአሜሪካ የሳይንስ ፊክሽንና ፋንታሲ ደራሲያን ማኅበር ለሽልማቱ በሚጠቀምበት መለኪያ 40,000 ቃላትና ከዚያ በላይ ያለው ሥራ ኖቭል ይባላል፤ ከ17,500 ጀምሮ 40,000 ያልደረሰው ደግሞ ኖቬላ ነው። የፋንታሲ መጻሕፍት ከ100,000 ቃላት አልፈው መሄዳቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ሥራና ቤተሰብ ያለበት፣ በእንግሊዝኛ ማንበብም ገና ያልቀለለው ጀማሪ ሃያሲ በኖቬላ ቢጀምር ሳይሰለች ይጨርሳል፤ ያልጨረሱት መጽሐፍ ላይ ደግሞ ሂስ መጻፍ አይቻልም።

ወሬውን ከምንጩ ይቅዱ

አዲስ መጽሐፍ ለማወቅ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ የሽልማት ዕጩዎችን ዝርዝር መከታተል ነው፤ ነገር ግን ሽልማቶቹ መራጮቻቸው የተለያዩ ስለሆኑ የሚያመጡትም መጽሐፍ ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚሰጠው ሁጎ በዓለም የሳይንስ ፊክሽን ጉባኤ አባላት ድምፅ የሚወሰን በመሆኑ የአንባቢውን ፍቅር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1966 መሰጠት የጀመረው ኔቡላ ከላይ የተጠቀሰው የደራሲያን ማኅበር አባላት የሚመርጡት ስለሆነ የሙያ አጋሮችን ግምት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1987 በብሪታንያ የተጀመረው የአርተር ሲ. ክላርክ ሽልማት ግን ጥቂት ዳኞች ተቀምጠው የሚወስኑት ነው፤ እንደ እኔ ግምት ያልተጠበቀና ስሙ ያልገነነ መጽሐፍ የሚገኘው ከዚህኛው ዝርዝር ነው። የአፍሪካ ጸሐፊዎችን ለሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሰጠው የኖሞ ሽልማት አለ። ከሁሉም የሚጠቅመው አሸናፊው ብቻ ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ዝርዝር ነው፤ አሸናፊውን ማንም ያወራዋል፣ አምስተኛውን ዕጩ ግን ፈልጎ የሚያነብ ጥቂት ነው።

ሽልማት ያለፈውን ዓመት ስለሚመለከት ወደ ፊት የሚመጣውን ለማወቅ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው ሎከስ መጽሔት ገና የሚታተሙ መጻሕፍትን ዝርዝር ያወጣል፤ በየካቲት አካባቢ ደግሞ ያለፈውን ዓመት የተመረጡ ሥራዎች ያሳውቃል። በአሜሪካ አዳዲስ መጻሕፍት በልማድ ማክሰኞ፣ በብሪታንያ ሐሙስ ስለሚወጡ፣ የአሳታሚዎችን ገጽ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ዕለት ማየት ይበቃል። በየቀኑ መፈለግ ዳታ ይበላል እንጂ ተጨማሪ መጽሐፍ አያመጣም።

አንድ መጽሐፍ ቀልብዎን ሲስብ፣ ከምንም በፊት የኢንተርኔት ስፔኩሌቲቭ ፊክሽን ዳታቤዝ በሚባለው ነፃ መዝገብ ውስጥ የደራሲውን ስም ይፈልጉ። በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ይህ መዝገብ ደራሲው ከዚህ በፊት ምን እንዳሳተመ፣ የት እንዳሳተመና መጽሐፉ ስንተኛ ቅጽ እንደሆነ ይነግራል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በዚህ ዘርፍ ሽፋኑ ላይ ቅጽ መሆኑን በትንሽ ፊደል የሚጽፍ ወይም ጭራሹኑ የማይጽፍ አሳታሚ ሞልቷል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤን. ኬ. ጀሚሲን እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ ሁጎን ያገኘችው በአንድ ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ነው፤ እንግዲህ የ2018ን አሸናፊ ብቻ አይቶ የገዛ አንባቢ ታሪኩን ከመደምደሚያው ጀመረው ማለት ነው። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የተጻፉ ጽሑፎች በመብዛታቸው ክላርክስወርልድ የተባለው የአጭር ታሪክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 አዲስ ጽሑፍ መቀበል ለጊዜው አቁሞ ነበር፤ በግል አሳታሚነት ከሚወጡት መካከልም እንዲህ ያለው እንደማይጠፋ ማሰብ ይገባል። ቀደም ብሎ በታወቀ መጽሔት ላይ ታሪክ ያሳተመ ደራሲ ከሆነ ግን ቢያንስ በሌላ ሰው ዓይን አንድ ጊዜ ተመርምሯል።

በሽፋን ላይ የሚጻፈውን ውዳሴ ከቁጥር አያስገቡት። አሳታሚው ራሱ ከሌሎች ደራሲዎች የሚለምነው ቃል ነው።

ደራሲውን በአጭር ታሪኩ ይፈትኑ

ብዙዎቹ የዘርፉ ደራሲዎች ልብ ወለድ ከማሳተማቸው በፊት በመጽሔት አጭር ታሪክ ይጽፋሉ፤ መጽሔቶቹም አብዛኛውን ሥራቸውን በነፃ ያስነብባሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ስትሬንጅ ሆራይዘንስ፣ በ2006 የተጀመረው ክላርክስወርልድ፣ በ2014 በናይጄሪያውያን የተቋቋመውና የአፍሪካን ታሪኮች የሚያወጣው ኦሜናና ለዚህ የሚበቁ ናቸው። ከ5,000 ቃላት የማይበልጥ አንድ ታሪክ በጽሑፍ ብቻ ሲከፈት የሚወስደው ዳታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ንባቡም ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት የደራሲው እንግሊዝኛ ለእርስዎ የሚገፋ መሆኑን፣ ገለጻ እንደሚያበዛና እንደማያበዛ፣ ንግግር መጻፍ እንደሚችል ያውቃሉ። አጭሩን ታሪክ ካልወደዱት ረጅሙን ልብ ወለድ የሚወዱበት ዕድል ጠባብ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ የኢ-መጽሐፍ መደብሮች በነፃ የሚሰጡትን የመጀመሪያ ምዕራፎች ናሙና ያውርዱ። ናሙናውን ሲያነቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዙ፤ ደራሲው አዲሱን ዓለም ሲያስተዋውቅ ታሪኩን አቁሞ ነው የሚያስተምረው ወይስ ታሪኩ እየሄደ እግረ መንገዱን ነው የሚያሳየው? የመጀመሪያው አሥር ገጽ ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ ብቻ የሚዘረዝር ከሆነ፣ ቀሪው ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

መጽሐፉን በደህና መንገድ እጅዎ ያስገቡ

በጽሑፍ ብቻ የተዘጋጀ የልብ ወለድ ኢፐብ (ጽሑፉ በስልኩ ገጽ ስፋት ልክ የሚስተካከል የኢ-መጽሐፍ ዓይነት) ፋይል ብዙ ጊዜ ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም፤ በስካን የተነሣ ፒዲኤፍ ግን በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሊከብድ ይችላል፤ በስልክ ጠባብ ገጽ ላይ ሲነበብም ዓይን ያደክማል። ስለዚህ ምርጫ ካለ ኢፐብ ይውሰዱ፤ ሪድኢራን የመሰለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የንባብ መተግበሪያም ቀደም ብለው ይጫኑ። ኔትወርክ የሚቋረጥበት ወይም መብራት የሚጠፋበት ጊዜ እንደሚመጣ አስበው፣ መስመሩ ደህና በሆነ ቀን ቢያንስ ሁለት መጽሐፍ አስቀድመው ቢያወርዱ መልካም ነው።

በቴሌግራም የሚዘዋወረው የተሰረቀ ቅጂ ቀላሉ መንገድ መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ስለሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን፣ የሌላውን ድካም ሊመዝን የተነሣ ሃያሲ በተሰረቀ ቅጂ ላይ ቆሞ ሲፈርድ ፍርዱ ስለሚቀልበት መንገዱ አይመከርም። በዚያ ላይ እንዲህ ያሉ ቅጂዎች ምዕራፍ የጎደላቸው ወይም ከመታረማቸው በፊት የወጡ መሆናቸው የተለመደ ነው፤ የደራሲው ስሕተት ብለው የሚተቹት የፋይሉ ጉድለት ሆኖ ቢገኝ ኃፍረቱ የእርስዎ ነው።

ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ለሌለው ሰው ያሉት ሕጋዊ መንገዶች ጥቂት ቢሆኑም በቂ ናቸው። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የመጽሐፉን ሙሉ ርእስ፣ የደራሲውን ስምና ISBN የሚባለውን ባለ 13 አኃዝ መለያ ቁጥር ጽፎ መላክ አንዱ ነው፤ ርእስ ብቻ ከተላከ የሌላ ደራሲ ተመሳሳይ መጽሐፍ ይመጣል። ሌላው ኔትጋሊ የተባለው አገልግሎት ሲሆን፣ አሳታሚዎች ገና ያልወጡ መጻሕፍትን ሂስ ለሚጽፉ ሰዎች በነፃ የሚሰጡበት ነው። መመዝገብ አያስከፍልም፤ ሆኖም አሳታሚው ለተወሰኑ አገሮች ብቻ ሊፈቅድ ስለሚችል እምቢታው ቢበዛ አይደነቁ። አገልግሎቱ ከተቀበሉት መጻሕፍት ቢያንስ በ80 በመቶው ላይ አስተያየት እንዲሰጡ ይመክራል፤ ስለዚህ አሥር ጠይቆ ሁለት ከማንበብ አንድ ጠይቆ አንድ ጽፎ መመለስ ለቀጣዩ ጥያቄ መንገድ ይከፍታል። በራስዎ ስም የጻፏቸው ሦስት አራት ሂሶች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ቢገኙ አሳታሚው ፈቃድ ለመስጠት ይቀለዋል።

አማርኛውንም ይፈልጉ

በአማርኛ የሚወጣው ፋንታሲና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሽፋኑ ላይ ስሙን አይናገርም፤ «ልብ ወለድ» ብቻ ተብሎ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜም ከስለላ፣ ከታሪክና ከገዳማት ምሥጢር ጋር ተቀይጦ ነው የሚመጣው። በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሳይንስንና የጣናን ገዳማት በአንድ ላይ ይዞ ሰፊ አንባቢ ማግኘቱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ መጻሕፍት ቤት ሲገቡ ሻጩን «ሳይንስ ፊክሽን አለ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ የጀርባውን ጽሑፍና መግቢያውን ቆሞ ማንበብ፣ የዘመን፣ የሕዋ፣ የመናፍስት፣ የጥንት ብራና ፍንጭ ያለውን መለየት ይሻላል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ የወጣ መጽሐፍ ጎንደር እስኪደርስ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ከአንድ ሻጭ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ርእስ ጽፎ ማስያዝ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ አማርኛ የተተረጎመ ሥራ ካገኙ የመጀመሪያውን ርእስና ከየትኛው ቋንቋ እንደተተረጎመ ያጣሩ። አንዳንድ ትርጉሞች የደራሲውን ስም ሲጽፉ የመጽሐፉን የቀድሞ ርእስ ይተዉታል፤ አንዳንዶቹም አሳጥረው እንደተረጎሙ አይናገሩም። ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ከዋናው መጽሐፍ ናሙና ጋር አስተያይተው ካነበቡ፣ የሚወቀሰው ወይም የሚመሰገነው ደራሲው ይሁን ተርጓሚው ለይተው መናገር ይችላሉ።

ማስታወሻ እየያዙ ያንብቡ

በዚህ ዘርፍ ያለ ማስታወሻ የተነበበ መጽሐፍ ከሳምንት በኋላ ስሙ ይጠፋል። ደብተሩን በሦስት ይክፈሉት። በአንደኛው ክፍል የሰዎችንና የቦታዎችን ስም በግዕዝ ፊደል እንዴት እንደሚጽፏቸው ወስነው ያስፍሩ፤ በመጀመሪያ ገጽ «ካይሬን» ያሉትን በመጨረሻው «ኬይረን» ካሉት አንባቢዎ ሁለት ሰው ይመስለዋል። በሁለተኛው ክፍል የዓለሙን ሕግ ይመዝግቡ፤ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ ማን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያስከፍልና ፈጽሞ የማይቻለው ምን እንደሆነ፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር። በሦስተኛው ክፍል እርስዎን ያስገረመዎትን፣ ያሰለቸዎትን፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ያነበቡትን ቦታ ይጻፉ። ይህ ሦስተኛው ክፍል የማይረባ ቢመስልም ሂሱን ሲጽፉ ከሌሎች ሰዎች አስተያየት የሚለይዎ እሱ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሕጉ መዝገብ ነው። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ ሕጉ የተወሰደው ከምናውቀው ተፈጥሮ ስለሆነ ጥቂት ቁጥሮችን በቃል መያዝ ይረዳል። በመሬትና በማርስ መካከል ብርሃን ለመጓዝ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል፤ ስለዚህ ማርስ ያለች እናት ጎንደር ካለ ልጇ ጋር ስልክ አንሥታ ፊት ለፊት እንደተቀመጠች ስታወራ ደራሲው ምክንያቱን መናገር አለበት። የማርስ የስበት ኃይል ከመሬት 38 በመቶ ያህል ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከዚህ በላይ የፊዚክስ መምህር መሆን አያስፈልግም። ደራሲው ሕግ መጣሱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ በዘርፉ ለዘመናት የተፈቀደ ነገር ነው። ጥፋት የሚሆነው መርከቡ በሦስተኛው ምዕራፍ ለመድረስ ወር ፈጅቶበት፣ በሃያኛው ምዕራፍ ያንኑ መንገድ ለታሪኩ ስለሚመች ብቻ በአንድ ሌሊት ሲጨርሰው ነው።

በፋንታሲ ላይ ደግሞ ጎንደር ያደገ አንባቢ አንድ ብልጫ አለው። ቤተ መንግሥት ለእሱ የሽፋን ሥዕል ሳይሆን በየዕለቱ በአጠገቡ የሚያልፍበት የድንጋይና የኖራ ግንብ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከመቆርቆራቸው በፊት የነበሩ ነገሥታት ከሠራዊታቸውና ከድንኳናቸው ጋር ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ እንደነበር፣ ከተማዋም በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል እንደተቀመጠች የሚያውቅ ሰው፣ በበረሃ መካከል ምንጭ ሳይኖር መቶ ሺህ ሕዝብ የሰፈረበት የልብ ወለድ ከተማ ሲያጋጥመው ውኃው ከየት እንደሚቀዳ መጠየቁ አይቀርም። ሠራዊቱ ተራራ ለተራራ ሲጓዝ ስንቁን የሚሸከመው በቅሎ ማነው? ግንቡን ማን ገነባው፣ በምን ተከፈለው? ጥሩ ደራሲ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሁሉ መልስ ባይጽፍም፣ መልሱን እንደሚያውቀው ከአጻጻፉ ይታወቃል። ሃያሲው ይህን ብልጫውን ትቶ የውጭ አገር ሰዎች ያሉትን ቢደግም፣ አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው ቀድሞ የተነገረ ወሬ ነው።

ፍቺው ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ

ፋንታሲ ሲነበብ ክፉውን ንጉሥ የዛሬ ባለሥልጣን፣ የተወረረውን አገር የራስ አገር አድርጎ መፍታት ቶሎ ይመጣል። በጎንደር ጉባኤ ቤቶች «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» በሚባሉት ሁለት የትርጓሜ ወገኖች ሲሰጥ የኖረው የመጻሕፍት ትርጓሜ ለዚህ ጥሩ ሥርዓት ያስተምራል፤ መምህሩ በመጀመሪያ ንባቡን በቀጥታ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ፍቺ ያመጣል፤ ሲያመጣም ከምን እንዳገኘው ያሳያል። ሃያሲውም ታሪኩን በመጀመሪያ እንደ ታሪክነቱ ይመዝነው፤ ዘንዶው እንደ ዘንዶ ያስፈራል ወይ? ከዚያ ወዲያ ሌላ ፍቺ ካለው ከመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ አንሥቶ ያስረዳ። ከአንድ ቦታ በላይ ማስረጃ የማይገኝለት ፍቺ የሃያሲው እንጂ የመጽሐፉ አይደለም።

ሂሱን ይጻፉ

መጽሐፉን እንደጨረሱ አይጻፉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ያሳድሩት። ሲጀምሩ ከላይ የመጽሐፉን ርእስ፣ ደራሲውን፣ ተርጓሚ ካለውም ተርጓሚውን፣ አሳታሚውን፣ የታተመበትን ዓመት፣ የገጹን ብዛትና ስንተኛ ቅጽ እንደሆነ ያስቀምጡ። ዓመቱ ላይ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ብለው ካልለዩ መጽሐፉ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይዞ ይዞራል፤ አዲስ ነው ብለው ያስተዋወቁት ሥራ ያረጀ ይመስላል። መጽሐፉን በነፃ ያገኙት ከሆነ ያንንም እዚያው ይናገሩ።

ታሪኩን መተረክ ከጠቅላላው ጽሑፍ ሲሶውን ማለፍ የለበትም። የሚተርኩትም በመጀመሪያው የመጽሐፉ ሩብ ውስጥ ያለውን ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንባቢው ራሱ ይድረስበት። ከዚያ ወደ ፍርድዎ ይግቡ። የፍርድና የውዳሴ ልዩነት በምሳሌ ሲታይ ይቀላል። ዝናብ የሚጠሩ ሰዎች ያሉበት አንድ ልብ ወለድ አለ እንበል፤ እነዚህ ሰዎች ዝናብ በጠሩ ቁጥር ድምፃቸው እየሰለለ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ መጽሐፍ «ልብ አንጠልጣይ፣ ውብ ቋንቋ ያለው፣ ማንም ሊያነበው የሚገባ ድንቅ ሥራ ነው» የሚል ሂስ ስለ ማንኛውም መጽሐፍ ሊባል ስለሚችል ስለዚህኛው ምንም አልተናገረም። የሚከተለው ግን ይናገራል፦

«ደራሲዋ የዝናብ መጥራትን ዋጋ በሁለተኛው ምዕራፍ ትነግረናለች፤ እስከ መጽሐፉ አጋማሽም ሕጉን በጥንቃቄ ስለጠበቀች ባለታሪኳ የምታወጣትን እያንዳንዷን ቃል እየሳሳን እንሰማለን። በመጨረሻው ውጊያ ግን ባለታሪኳ ሦስት ጊዜ ዝናብ ከጠራች በኋላ ለሠራዊቱ ረጅም ንግግር ታደርጋለች፤ ይህ እንዴት እንደተቻለ የተሰጠ ምክንያት የለም። ድምፅን በመሰሰት የተገነባው ውጥረት በዚያ ንግግር ይፈርሳል።»

ይህ አንቀጽ ሕጉን አሳይቷል፣ የተጠበቀበትንና የተጣሰበትን ቦታ ለይቷል፣ ጥሰቱ አንባቢው ላይ ምን እንዳደረሰም ተናግሯል። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ መጨረሻውን ገልጧል። ለሕዝብ ሲቀርብ «በመጨረሻው ክፍል ይህ ሕግ ያለ ምክንያት ይጣሳል» ተብሎ ቢያጥር ፍርዱ ሳይለዝብ ምሥጢሩ ይጠበቃል። ጥቅስ ሲያስፈልግ አጭር ይሁን፤ ምንጩንና ደራሲውን ከጠቀሱ አዋጁ በመጠኑ መጥቀስን ይፈቅዳል፣ ገጽ ሙሉ መገልበጥ ግን ጥቅስ አይባልም።

በመጨረሻ መጽሐፉ ለማን እንደሚሆን ይንገሩ። «ለሁሉም» የሚል መልስ አይጻፉ። እንግሊዝኛው ከባድ ነው ወይ? ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይሰጣል ወይ? ብቻውን ያልቃል ወይስ ቀጣይ ቅጽ ያስገዛል? ጎንደር ተቀምጦ ለአንድ መጽሐፍ ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው ከየትኛውም የኮከብ ቁጥር ይልቅ እነዚህ መልሶች ይጠቅሙታል። የኮከብ ቁጥር መስጠት ካለብዎት ሦስት ኮከብ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመው ያስታውቁ።

ይሉኝታን ይሻገሩ

የውጭ አገር ደራሲን መተቸት ቀላል ነው፤ አያገኝዎትም። የሚከብደው የአገር ልጅ፣ ይልቁንም እዚሁ ማራኪ ወይም አዘዞ የሚኖር፣ ሰርግና ልቅሶ ላይ የሚገናኙት ሰው የጻፈውን መመዘን ነው። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ የሚቀርበው «ዳሰሳ» በአብዛኛው ምስጋና የሚሆነው ሃያሲው ማየት አቅቶት ሳይሆን፣ ደራሲው ከእናቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስላለ ነው። ምረቃ ላይ እንዲናገሩ ከተጠየቁ የመጽሐፉን ይዘት ያስተዋውቁ፤ ሂሱን ግን ለሌላ ቀንና ለጽሑፍ ያቆዩት፤ ይህንኑም ለጋበዝዎት ሰው ቀድመው ይንገሩት። ደራሲው የቅርብ ዘመድዎ ወይም አብሮ አደግዎ ከሆነ ጨርሶ ባይጽፉ ይመረጣል፤ ከጻፉ ደግሞ ዝምድናውን በመጀመሪያው አንቀጽ ይግለጹ።

ጠንካራ ትችት ሲጽፉ ሰውየውን ትተው ገጹን ይያዙ። «ደራሲው ሳይንስ አያውቅም» ከማለት «በ112ኛው ገጽ መርከቡ ያለ ነዳጅ እንደሚሄድ ተነግሮ በ180ኛው ገጽ ነዳጅ አለቀበት ይባላል» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ያጣላል፤ ሁለተኛውን ደራሲው ገልጦ ያየዋል፣ በሁለተኛው እትም ሊያርመውም ይችላል። በተረፈ ደራሲ ያልሆነ ሰው መተቸት የለበትም የሚለውን ክርክር መልስ ሳይሰጡት ማለፍ ይቻላል።

ከወጣ በኋላ

ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት መጽሐፉን ያላነበበ አንድ ሰው ያንብበው፤ ታሪኩ ካልገባው ወይም ከሚገባው በላይ ከገባው ቦታውን ያስተካክሉ። ከወጣ በኋላ የስም፣ የዓመት ወይም የቅጽ ስሕተት ከተገኘ እርማቱን ከቀኑ ጋር ከግርጌ ያስፍሩ እንጂ በዝምታ አይቀይሩት። የታተመ መጽሐፍ በእጅዎ ካለ ለሌላ አንባቢ ያውሱት፤ ሲያውሱ ግን የተዋሰውን ሰው ስምና ቀኑን የሕግ መዝገቡ ባለበት ደብተር ጀርባ ላይ ይጻፉ። የሚቀጥለው ቅጽ ሲወጣ፣ ከመክፈትዎ በፊት ስለ ቀደመው ቅጽ የጻፉትን ሂስና የመዘገቡትን ሕግ ያንብቡ፤ የሁለተኛው ቅጽ የመጀመሪያ ፈተና ደራሲው በመጀመሪያው ያወጣውን ሕግ ማስታወሱ ነውና።